ይቅርታ ጠይቀን የመለስነው ቁልፍ

ሲቀላ ገበያ ጀርባ ያለው ጋራዥ የገባሁት በዘጠና አንድ ዓመተ ምህረት ነው። የመጀመሪያው ቀን ዋናው መካኒክ ጋሽ ታደሰ ከምስማር ላይ አንድ ቱታ አውርደው ሰጡኝ። "ይህን ለብሰው የተባረሩ ሦስት ናቸው" አሉኝ። "የሙከራ ጊዜህን ከጨረስክ ያንተ ይሆናል።"

ጋሽ ታደሰ የናፍጣ ሰው ነበሩ፤ ሞተር በጆሮ ይመረምራሉ። ኮምፒዩተር ያለው መኪና ከመጣ ግን "ይህ የተማረ ሰው ይፈልጋል" ብለው ወደ እኔ ያመለክታሉ። እኔ በኤሌክትሪክ ተመረቅሁ እንጂ የሞተር ኮምፒዩተር በእጄ ነክቼ አላውቅም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

በሁለተኛው ወር የአንድ ፕሮጀክት ነጭ የቤንዚን መኪና ተጎትቶ መጣ። አንድ በያጅ ባትሪ ሳይነቅል በይዶ ኮምፒዩተሩን አቃጥሎታል። ያገለገለ ኮምፒዩተር ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣን። ካርቶኑን ስከፍት በክር የታሰረ የመኪና ቁልፍ አብሮት አገኘሁ። በመኪናችን በር ሞከርኩት፤ አይከፍትም። "ሻጩ በስህተት የከተተው ነው" አልኩ በሙሉ ልብ።

የመኪናው ሾፌር አቶ ቶማ የኦቾሎ ሰው ናቸው። "የሰው ቁልፍ ይዞ መቀመጥ ጎሜ ነው" አሉ። ጎሜ በጋሞ ነውር ብቻ አይደለም፤ መዘዝ የሚያመጣ ጥፋት ነው። "ባለቤቱ ይሄኔ ደጅ ቆሟል። ዛሬውኑ ይመለስ!"

ቁልፉን በፖስታ አሸግሁ፤ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ከስሜ ሥር "የኤሌክትሪክ ባለሙያ" ብዬ ፈርሜ ለሻጩ በአውቶቡስ ላክሁት። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ኮምፒዩተሩን ገጠምኩ። መኪናው በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ፤ አጨበጨብን። ጭብጨባው ሳያልቅ ጠፋ። ደገምነው፤ ሁለት ሰከንድ ሠርቶ ጠፋ። የቤንዚን ፊልትሮ ቀየርን፣ ካንዴላ አወጣን፣ የባትሪውን ገመዶች አጸዳን። ያው ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ታደሰ ጠሩኝ። "ቅዳሜ መኪናውን ሊወስዱ ይመጣሉ። ካልሠራ ቱታውን ምስማሩ ላይ ትመልሳለህ።" እናቴ ምዕራብ ዓባያ ላለ ዘመድ ሁሉ "ልጄ መሐንዲስ ሆነ" ብላ አውርታለች።

አቶ ቶማ ምክንያቱን በራሳቸው መንገድ አግኝተውታል። "ከመካከላችን ጎሜ የሠራ አለ። ካልተናገረ ይህ መኪና አይድንም።"

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ባለፈው እሁድ ከጎረቤት ጓሮ አንድ ዘለላ ሙዝ ቆርጫለሁ" አሉ። እኔም ኮምፒዩተር ገጥሜ እንደማላውቅ ተናዘዝኩ። ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ምናልባት ሙዙ አፋቸውን ይዞት ይሆናል።

መኪናውን አስነሳነው። ሁለት ሰከንድ፤ ጠፋ።

"ገና ያልተነገረ አለ" አሉ አቶ ቶማ።

በማግስቱ ከቴሌ ለሻጩ ደወልኩ። ችግሩን ስነግረው "ቁልፉን የት አደረግኸው?" አለ።

"መልሰንልዎታል።"

"የኤሌክትሪክ ባለሙያው አንተ ነህ?" ከጀርባው ብዙ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ደብዳቤዬን ለሱቁ ሰው ሁሉ አንብቦላቸዋል። ሳቁ ሲበርድ አስረዳኝ፤ በቁልፉ እጀታ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች፤ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው እሷን ነው። አጠገቡ ካላገኛት ሌባ መጣ ብሎ ሞተሩን ያጠፋል።

ቁልፉ አርብ በአውቶቡስ ተመልሶ መጣ። ከመሪው ሥር፣ ከመኪናው ቁልፍ ማስገቢያ አጠገብ፣ በጥቁር ፕላስተር አጣበቅሁት። በራሳችን ቁልፍ አስነሳሁ። አምስት ደቂቃ ጠበቅን፤ አልጠፋም። ጋሽ ታደሰ ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አስጠግተው ቆዩ።

"ቱታውን ወስደህ እጠበው" አሉ። "የቆሸሸ ቱታ የለበሰ ሠራተኛ አልፈልግም።" እንባዬ መጣ፤ ጎንበስ ብዬ ካቻቪቴ የምፈልግ መሰልኩ።

አቶ ቶማ የተጣበቀውን ቁልፍ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ባለቤቱ ደጅ ቆሟል ብዬህ ነበር" አሉ። "ለካስ የቆመው እዚሁ እኛ ደጅ ነው።"

ጋራዥ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዕቃ ጋር አብሮ የመጣ ነገር፣ ክርም ቢሆን፣ ላኪውን ሳልጠይቅ አልመልስም። እናንተም ጠይቁ።