ኮኩን በጫማ ካርቶን ውስጥ

ኮኩን፣ ትል ተጠቅልሎ የሚተኛበት ሽፋን፣ የሚለውን ቃል ስጠላ ኖሬያለሁ። ጆሃንስበርግ ውስጥ ኤሌክትሪክ በተዘረጋበት አጥር ጀርባ የሚኖረውን ሀብታም ሁሉ «ኮኩኑ ውስጥ ነው» ይሉታል። እኔም ቤሪያ በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት የብረት በር ቆልፌ አብሬ አሽሟጥጥ ነበር። የቃሉን ዘር ስፈልግ ፈረንሳይኛ ሆኖ አገኘሁት፤ ከበስተኋላው ደግሞ «የእንቁላል ቅርፊት» የሚል ትርጉም አለ።

«አየሽ» አልኳት ልጄን፣ «ቅርፊት ብቻ ነው። ውስጡ የተቀመጠው ምንም አልሠራም።»

የአሥር ዓመቷ ልጄ የጫማ ካርቶኗን ከፍታ ወደ ውስጥ አየች። እዚህ አገር በየጸደዩ ተማሪ ሁሉ የሐር ትል በጫማ ካርቶን ያሳድጋል። እሷም ሃያ ትል ይዛ መጥታለች፤ ኮኩን ሳይሠሩ ከሞቱባት ክፍሉ ፊት ባዶ ካርቶን ይዛ መቆሟ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ትሎቹ የሚበሉት የሙልበሪ ዛፍ ቅጠል አለቀ። እኔ አዋቂው ሰላጣ ቆራርጬ ሰጠኋቸው።

«ዳድ፣ እሱን አይበሉም!»

«ቅጠል ያው ቅጠል ነው። ሲርባቸው ይበላሉ።»

እሑድ ጠዋት ሰላጣው ሳይነካ ጠወለገ፤ ትሎቹ ተዘርረዋል። ልጄ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ፌስታል ይዤ ወጣሁ። ሰፈሩን ሳስስ ቆይቼ ካንድ አጥር በላይ የተንዠረገገ ሙልበሪ አገኘሁና መቀንጠስ ጀመርኩ። የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት ዙሉ አሮጊት፣ መጥረጊያ ይዘው ወጡ።

«ሳውቦና፣ ጎጎ» ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ እዚህ አያት የሚጠራው እንደዚያ ነው።

«ሌባ ነህ ወይስ የትል አባት?»

«የትል አባት።»

«እስካሁን ምን አበላሃቸው?»

«ሰላጣ።»

ከት ብለው ሳቁ። «የተማርክ መሆን አለብህ!» አሉና ቅርንጫፉን ራሳቸው ዝቅ አድርገው ያዙልኝ።

ትሎቹ ቅጠሉን ሲያገኙ የተርመሰመሱትን መርመስመስ! በሳምንቱ አንዱ የካርቶኑ ጥግ ላይ አንገቱን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ክር መትፋት ጀመረ።

«አባዬ፣ ቅርፊት ነው አልክ እኮ! ይኸው ከገዛ አፉ እያወጣ ሲገነባው!»

ክርክር ተሸንፌ አላውቅም። ያን ቀን ተሸነፍኩ፤ ሰው ሽንፈቱ ላይ ማጨብጨብ ይችላል ብዬም አላስብም ነበር።

በጥቂት ቀን ውስጥ አሥራ ሰባቱ ጠምጥመው ጨረሱ። በማግስቱ በታክሲ ትምህርት ቤት ስንሄድ ካርቶኑን ከፈተችው። ወርቅ የመሰሉ አሥራ ሰባት ኮኩኖች። ጎልማሳው ተሳፋሪ ሁሉ ተንጠራርቶ እያየ የልጅነት ትሎቹን ማውራት ያዘ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ፣ ለማንም በወጉ የማይቆመው ሾፌር፣ ሁለት እግሯ መሬት እስኪረግጥ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃት።