ቅዳሴ ሳያልቅ የወጣሁበት ቀን

ይህ የሆነው አምና በፍልሰታ ጾም ነው። ስለሚያሳፍረኝ ለሰው አውርቼው አላውቅም፤ ግን ከልቤ አልወጣ አለ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነውና ጽሑፌን ይቅር በሉኝ።

የምንኖረው ጉለሌ፣ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ነው። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ሜሮን። አባቷን የቀበርኩት በሳንባ ነቀርሳ ነው። ሳሉ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ታዲያ ይቺው ልጄ፣ ወርቄ የምትባል ጎረቤታችን ጎመን ሻጭ በዚያው በሽታ መያዟን ሰማች። ወርቄ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ዘመድ የላትም። ሜሮን በየጠዋቱ ምግብ እየወሰደችላት መድኃኒቷን ታስውጣት ጀመር። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ። "እማዬ፣ እጠነቀቃለሁ" ትለኛለች እንጂ አትሰማኝም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሜሮን ሳለች። ሁለት ጊዜ ብቻ። በቃ፣ ልቤ ክው አለ። ልብሷን ስትለብስ ስልኳን ይዤ ወጣሁና በሩን ከውጭ ቆለፍኩባት።

"እማዬ! ቆልፈሽብኝ ልታስቀድሺ ነው?" አለች ከውስጥ።

ነጠላዬን አጣፍቼ መንገዴን ቀጠልኩ። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስለ ልጄ ልጸልይ ብል ግን አልሆነልኝም። ወርቄ መድኃኒቷን ይዛ በር በሩን ስታይ ነው የሚታየኝ። በባዶ ሆዷ ከዋጠችው ያስመልሳታል። እኔ እመቤቴን ልጄን ጠብቂልኝ እላለሁ፤ ያቺስ የሰው ልጅ አይደለችም?

ቄሱ ሳያሰናብቱ ወጥቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ወጣሁ። አጠገቤ የቆመችው ሴት ነጠላዬን ያዝ አድርጋ "ምነው እትዬ፣ ድስት ጥደው ነው እንዴ የመጡት?" አለችኝ።

ከሱቅ ሁለት ዳቦ ገዝቼ ወርቄ ቤት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ወርቄ መሬት ላይ ወድቃለች። ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ አዙሯት ነው። እግሬ ደፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ባሌ ታየኝ።

"አይግቡ እትዬ!" አለችኝ፣ ድምጿ በደንብ አይሰማም። "ሜሮን መጀመሪያ መስኮቱን ትከፍታለች፣ አፌንም ታሸፍነኛለች። እርስዎ ይቅርብዎ፣ እሷን ይጥሩልኝ።"

መሬት ላይ ወድቃ ለእኔ ትፈራለች። እኔ ደግሞ የምትጠራትን ልጅ ቆልፌባት መጥቻለሁ።

ገባሁ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ፣ ከብብቷ ይዤ አነሳኋት። እንደ ሕፃን ቀላለች። ዳቦውን ቆርሼ አበላኋት። መድኃኒቱን እስክትውጥም ከፊቷ አልሄድኩም።

ቤት ተመልሼ በሩን ስከፍት ሜሮን ቆማ ትጠብቀኛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ወርቄ በልታለች። መድኃኒቷንም ውጣለች" አልኳት።

እጄን አየት አድርጋ "በይ እጅሽን በደንብ ታጠቢ" አለችኝ። እናት ሆነችብኝ።

ሰኞ ሜሮንን ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመረመርኳት። ጉንፋን ነው ተባለ።

እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ አለቀቀኝም። ታክሲ ውስጥ ሰው ሲስል ዛሬም ልቤ ይርዳል። ግን ልጄን ለእኔ ብቻ አድርግልኝ ብዬ ፈጣሪን መለመን ትቻለሁ። ወርቄ ድና ጎመኗን ትሸጣለች። አሁን ደግሞ ሜሮን ይህንኑ መድኃኒት የምታስውጣቸው አንድ ጠያቂ የሌላቸው ሽማግሌ አሉ። ማክሰኞና ዓርብ ተራው የእኔ ነው።