ነጥብ ያልነበረባት ካንዴላ

የሰው መኪና እያፈጠነ የሚኖር መካኒክ «ቀስ በሉ» መባሉ ያስቃል፤ ቅጽል ስሙ ግን ያለ ነገር አልወጣለትም። ሥራው ናይትረስ የሚባለውን ጋዝ ሞተር ላይ መግጠም ነው። ጋዙ ሲገባ ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ያቃጥላል፣ መኪናውም ይበራል። ቤንዚኑ ካነሰ ግን ፒስቶን ይቀልጣል። ግፊቱ እንዲጨምር የጋዙን ሲሊንደር በእሳት የሚያሞቁ ደፋሮችን ደግሞ ጋራዡ ደጃፍ አያስደርስም። ለሚያጣድፈው ደንበኛ ሁሉ መልሱ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ነው።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ሬዲዮ ከፍቶ ይተኛል፤ የሰው ድምፅ እንዲኖር እንጂ ዜናውስ ምን ሊያደርግለት! አንዲት ልጁ ሌላ ሰፈር ተከራይታ ትኖራለች። ስትደውል «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ይባባሉና ወሬ ያልቅባቸዋል። ስለዚህ ለውድድር የምትነዳትን መኪና ይዛ «አባዬ፣ ናይትረስ ግጠምልኝ» ብላ የመጣች ዕለት፣ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

አሳምሮ ሠራላት። ሲሊንደሩን ከኋላ አጥብቆ አሰረ፤ ጋዙ ቢያመልጥ ውጭ የሚተነፍስበት ቱቦም አወጣለት። የቤንዚን ግፊት ሲወርድ ጋዙን የሚዘጋ ማጥፊያ ገጠመ። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን የካንዴላ እሳት ትንሽ አዘገየና ጋዙን ከሁሉ በጠበበችው ቀዳዳ ጀመረው፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሊያሰፋት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው በማይደርስበት አሮጌ ማኮብኮቢያ ላይ ትነዳና ሞተሩን ወዲያው ታጠፋለች። እሱ ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉ ላይ ያለውን ነጭ ሸክላ በማጉያ መነጽር ይመረምራል።

«ብርማ ነጥብ ካየሽ ፒስቶንሽ እየቀለጠ ነው። ያኔ ጋዙን እርሺው» ይላታል።

ከዚያ አብረው ምሳ ይበላሉ። እሷ የተወዳዳሪዎቹን ጉራ እያስመሰለች ታስቀዋለች። ማታ ሬዲዮ ሳይከፍት የሚተኛው ቅዳሜ ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ የመጨረሻዋ ሰፊ ቀዳዳ ተሞክራም ሸክላው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ሥራው አለቀ ማለት ነው። «ቀስ በሉ» ግን መነጽሩን ቶሎ ኪሱ ከተተ።

«ነጥብ ቢጤ አለችበት። ለሳምንት እናቆየው» አለ።

በሞተር ጉዳይ ዋሽቶ አያውቅም። በሳምንቱም ያቺኑ ነጥብ «አየ»። በሚቀጥለውም። ማታ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለው፤ የልጁ ውድድር እየደረሰ ነው፣ መኪናዋን አስሮ የያዘባት ደግሞ የገዛ አባቷ ነው። ለብቻው ከመሆን የባሰ ነገር መኖሩን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። እንደገና ስትመጣ ገና ኮፈኑን ሳትከፍት ተናገረ።

«ልጄ፣ ነጥብ የለም። መኪናሽ ካለቀ ቆይቷል። ሂጂና ተወዳደሪ።»

«እና ለምን ነጥብ አለ አልከኝ?»

«ከዚያ በኋላ ምን ብለሽ ትመጫለሽ ብዬ ነዋ!»

መሬት መሬት አየ። እንድትቆጣው ጠበቀ፤ ብትቆጣውም በወደደ።

«ምዝገባው አልፏል፣ አባዬ» አለች ቀስ ብላ።

«ምን? በእኔ ጦስ?»

«በአንተ አይደለም። ካንዴላ ማየት ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? ነጥብ እንደሌለበት የመጀመሪያውን ቀን አይቻለሁ።»

«እያወቅሽ ነው የቀረሽው?»

ልጅቱ ኮፈኑን ከፈተችው።

«እኔስ ብሆን» አለች፣ «ቤቴ ማን አለኝ ብለህ ነው?»