በጽጌሬዳ በር ላይ የቆመችው የእድር መኪና

ኩማ የእድሩን ንብረት መጠበቅ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ብረት ድስት፣ ሁሉም በእሱ ቁልፍ ሥር ነው። ከዚያ በፊት ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ መጀመሪያ አትክልተኛ፣ በኋላ ደግሞ እንግዶችን ከነሻንጣቸው በትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያመላልስ ሾፌር ሆኖ ሠርቷል። ሆቴሉ መኪናዋን አርጅታለች ብሎ ሲያወጣት እሱም በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጣ።

«ሁለታችንንም በአንድ ደብዳቤ ነው ያሰናበቱን» እያለ ሰው ያስቅ ነበር።

እድሩ መኪናዋን ለምኖ ወሰዳት። የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ ድንኳን የሚጫንበት ብረት ተበየደላት። ሞተሯ አይጮህም፤ ስትመጣ የሚሰማው የጎማዋ ድምፅ ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ድንኳን ጭና ሲያያት ያለበት ቆሞ «ማን ይሆን?» ይላል።

ከእድሩ ግምጃ ቤት ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው አንድ የኮብልስቶን መንገድ ነው። መሃል ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። ሀዋሳ ለጥ ያለ ከተማ ስለሆነ በእግሩ የሚሄድ ሰው ያንን ቦታ አቀበት ብሎ አይጠራውም። ያረጀ ባትሪ ግን ያውቀዋል።

በሁለት ሺህ ሰባት ክረምት መኪናዋ እዚያ ከፍታ ላይ፣ የልብስ ሰፊው የብዙአየሁ በር ፊት ለፊት ቆመች። ብዙአየሁ በሳምንቱ ሞተ። ዘጠና አንድ ዓመቱ ነበር፤ ይህን ግን ማንም አላነሳም። ሰው ያነሳው መኪናዋ በሩ ላይ መቆሟን ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ በኩማ በር ላይ ቆመች።

ሚስቱ ዘነበች ብዙአየሁ ከመሞቱ በፊት ጀምሮ በልብ ድካም ታማ ተኝታለች። አልጋዋን ወደ መንገዱ በሚያየው መስኮት ሥር አድርጎላት ነበር። እግሯ አብጦ፣ በሦስት ትራስ ተደግፋ፣ የሚያልፍ የሚያገድመውን በድምፁ ትለያለች። መኪናዋ እያቃሰተች መጣች፤ ዘገየች፤ ከዚያ ከሥሯ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማና ዝም አለች።

ኩማ ወርዶ ወደ ቤት ሲገባ ዘነበች በሩን በሩን ታያለች።

«ቆመች?»

«ቆመች።»

«ለብዙአየሁም እንዲሁ ነው የቆመችው።» ፈገግ አለች። «እውነቱን ንገረኝ ኩማ፣ ምን ሆና ነው?»

ኩማ ምን ሆና እንደሆነ ያውቅ ነበር። ስድስቱ የሊድ ባትሪዎች በየሳምንቱ የባትሪ ውሃ ይፈልጋሉ፤ የተጣራ ውሃ፣ ከመሃል ከተማ የሚገዛ። ዘነበች ከተኛች ወዲህ ግን ጥሏት መሃል ከተማ መሄድ አልሆነለትም። አንድ ሳምንት አለፈው። በሁለተኛው ሳምንት ከግቢው ቧንቧ ቀዳና ሞላባቸው። በሦስተኛውም እንዲሁ። በጆግ እያደረገ፣ ጎረቤት እንዳያየው ጀርባውን ለአጥር ሰጥቶ። በሆቴሉ ሳለ አዲስ ሠራተኛ ሲያሠለጥን «የቧንቧ ውሃ ለባትሪ መርዝ ነው» ብሎ የሚጀምረው እሱ ነበር። ኩማ ንብረት አበላሸ መባልን ፈራ። በዚያ ላይ የብዙአየሁ ልጆች የመኪናዋን መቆም እያማረሩ አልቅሰዋል፤ ያ ሁሉ ለቅሶ የጆግ ውሃ ያመጣው ነገር ነበር ተብሎ እንዴት ይነገራል?

«እግዜር ያውቃል» አላት።

ዘነበች ራሷን ነቀነቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ መድኃኒቷን ከእጁ እየተቀበለች፣ ውሃውን እየጠጣች፣ «ዋጥኩ» ትለው ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈች። አልጋው ሲነሳ በነጠላዋ ጫፍ የተቋጠሩ ሃያ ሁለት የመድኃኒት ፍሬዎች አገኘ። ሐኪሙ ብትወስደውም ብዙ አትቆይም ነበር ብሏል። ኩማ ግን ስለ ፍሬዎቹ ለሐኪሙ አልነገረውም። ለማንም አልነገረም።

ከዚያ በኋላ እያቀለለ መጫን ጀመረ፤ ድንኳኑን ለብቻ፣ ወንበሩን ለብቻ። መኪናዋ እያነከሰች ሁለት ዓመት ገደማ ሠራች። ከፍታው ጋ በደረሰ ቁጥር ዘነበች ከመስኮቱ ሥር ሆና የምታዳምጥ ይመስለዋል። ሳያስበው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ «እያለፍኩ ነው» እንደማለት። ክፍሉ ባዶ እንደሆነ ያውቃል። አልጋውን ያፈረሰው ራሱ ነው። ቢሆንም መስኮቱን ቀና ብሎ አያይም፤ ካየ የሆነ ሰው የሚያየው ይመስለዋል።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ግንቦት ላይ ድንኳኑ ዝናብ ጠጥቶ ከበደ። መኪናዋም ከፍታው ላይ፣ በጽጌሬዳ በር ቆመች።

ጽጌሬዳ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ልጆች በወሊድ አጥታለች። ባሏ ኤልናታን ለሥራ ሞያሌ ነው። በሩን ከፍታ መኪናዋን አየቻት፤ ኩማን አየችው፤ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘችና በሩን መልሳ ዘጋችው።

በሦስተኛው ሳምንት ከአጥሯ ውጭ አገኛት።

«ጤና ጣቢያ አልሄድሽም አሉኝ፣ ጽጌ።»

«ማነው ያለው?»

«አዋላጇ እየፈለገችሽ ነው። ደም ግፊት አለባት፣ ቀጠሮ ማሳለፍ የለባትም ብላለች።»

«ሐኪም ምን ያደርግልኛል ጋሽ ኩማ?» ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። «እርስዎም ያውቁታል እኮ። እትዬ ዘነበችም ላይ አይተውታል።»

ኩማ አፉን ከፈተ። ከዚያ «መኪናዋን አሠራታለሁ» አለ። «ሁለተኛ በርሽ ላይ አትቆምም።»

እሁድ ከስብሰባው ፊት ቆሞ ባትሪዎቹ ይለወጡ አለ። የእድሩ ዳኛ ሰይፈሚካኤል መነጽሩን አውልቆ፣ «ምነው ኩማ፣ ለቀብር ማን ይቸኩላል?» ሲል ሁሉም ሳቀ። ኩማ አልሳቀም። ሳቁ ቆመና ተስማሙ።

ጠሀ በመሃል ከተማ የባትሪ ሱቅ አለው። ከሞባይል ምሰሶዎች የተነሱ የሊትየም ባትሪዎች በጨረታ ገዝቶ ከመደብሩ ጀርባ ደርድሯል። መኪናዋን አይቶ መጀመሪያ ያደረገው መሳቅ ነው።

«ወላሂ ጋሼ፣ ይቺ ከእኔ በፊት ነው የተወለደችው!»

«አንተ ከእሷ በፊት እንዳትሞት፣ ዝም ብለህ ሥራ።»

ጠሀ የወንበሩን ሽፋን አንስቶ የአሮጌዎቹን ባትሪዎች ክዳን ከፈተ። ፊቱ ተለወጠ። በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ አየ።

«ማነው የቧንቧ ውሃ ያጠጣቸው? ይኸው፣ ነጭ ነገር ይዞታል። እነዚህ በሰው እጅ ነው የሞቱት።»

«እኔ እንጃ» አለ ኩማ።

አንዱ ባትሪ ብቻውን ሰላሳ ኪሎ ገደማ ነው። ጠሀ ከጎረቤት ጋራዥ አንድ ሰው ጠርቶ ለሁለት ያወጧቸው ጀመር። አንዱ ሲወጣ መኪናዋ ትንሽ ከፍ አለች። ሌላው ሲወጣ ባሌስትራዋ ሲጢጥ አለ። ስድስተኛው ሲነሳ ባዶዋ መኪና በዝግታ፣ አራት ጣት ያህል ከፍ ብላ ቆመች፤ ልክ ሰው ተነስቶ ከላይዋ እንደወረደ። ኩማ ከግድግዳው ተጠጋ። ሳያስበው ወደ ሱቁ በር ዞሮ አየ፤ ማን እንደወጣ ለማየት።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ተነሳች።»

«ክብደት ወርዶላት ነዋ! አዲሶቹ ሁለቱም አንድ ላይ ሃምሳ ኪሎ አይሞሉም።»

ጠሀ ሊትየሞቹን አስገብቶ በብረት ቀበቶ አሰራቸው፤ ሽቦውን ለወጠ፤ አሮጌውን ቻርጀር ነቅሎ ሌላ ሰጠው። «በድሮው እንዳይሞክሩ፣ ያቃጥላቸዋል። ይቺን የባትሪ ጌጅም አይመኗት፤ ከእንግዲህ ሁልጊዜ ሙሉ ነው የምትልዎት። የድሮው ሲደክም እየጎተተ፣ እያቃሰተ ይነግርዎታል። ይኼ አይደክምም። እስከ መጨረሻው እኩል ይሄድና በአንዴ ቀጥ ይላል። በየሁለት ቀኑ ቻርጅ ያድርጉ፣ በቃ።»

«ውሃስ?»

«ውሃ የሚባል አያውቅም። ይገላገሉ።»

በማግሥቱ ጠዋት ኩማ ድንኳኑንም ወንበሩንም አንድ ላይ ጭኖ ከግምጃ ቤቱ ወጣ። ማንም አልሞተም፤ ሆን ብሎ ነው የጫናት። ጽጌሬዳ በሯ ላይ እንድትቆም ልኮባት ነበርና ቆማለች። መኪናዋ ከፍታውን እንደ ሜዳ ወጣችው። በራሱ መስኮት ሥር ስታልፍ ጉሮሮውን ለመጥረግ እንኳ አልደረሰም፤ ይህም ከንክኖት ወደኋላ ዞሮ አየ። ሰው የለም። ጽጌሬዳ በር አጠገብ ደረሰና አለፈ። ከዚያ ዞሮ መጥቶ አጠገቧ ፍሬን ያዘ።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«እንግዲህ አትቆምም። ነገ ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ?»

ጽጌሬዳ የመኪናዋን ወንበር፣ ከዚያ ጎማዋን አየች። ፊቷ አብጧል፤ ቀለበቷን ከጣቷ አውልቃ በክር አንገቷ ላይ አድርጋዋለች።

«ጋሽ ኩማ፣ ደክመውልኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ያለፈውን ምን አደርገዋለሁ? ያን ቀን ቆማለች። ቆማ አልፏል።»

ኩማ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ያን ያበጠ ፊት ያውቀዋል፤ በሦስት ትራስ ላይ አይቶታል። ጌጇ ሙሉ ትላለች።

«ውሃ ነው» አለ።

«ምን?»

«ባትሪዎቹን የቧንቧ ውሃ ሞላሁባቸው። ዘነበች የታመመች ጊዜ። የተጣራውን ሄጄ መግዛት አልቻልኩምና ከቧንቧ ቀድቼ ሞላሁ፤ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ገደልኳቸው። ለዚህ ነው የምትቆመው፤ ይህችን ከፍታ መውጣት አቅቷት። ለብዙአየሁም፣ ለእኛም፣ ላንቺም የቆመችው በእኔ ነው። ማንም አልላካትም።»

 ጽጌሬዳ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«እትዬ ዘነበች ይህን ታውቅ ነበር?»

«ጠይቃኝ ነበር።»

«ምን አሏት?»

ኩማ ነገራት። ስለ ሃያ ሁለቱ ፍሬዎችም ነገራት። ሲጨርስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ እጇ ግን የበሩን እጀታ ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ አየ።

«ይቅር አልልዎትም» አለች። «እኔ አይደለሁም ይቅር የምለው።» ወደ ውስጥ ገባች። በሩን አልዘጋችውም። ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን ለብሳ፣ የክትትል ካርዷን ይዛ ወጣች።

ኩማ ከጎኑ ካለው ወንበር ላይ የድንኳኑን ጫፍ መግፋት ጀመረ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ላድርስሽ ብዬ…»

«በዚች? አብደዋል እንዴ ጋሽ ኩማ! በእድር መኪና? ባጃጅ ይጥሩልኝ።»

ባጃጁ መጥቶ ጽጌሬዳን ይዟት ወደ ጤና ጣቢያው ወረደ። ኩማ ወደ ግምጃ ቤቱ መመለስ ነበረበት፤ ግን መሪውን ይዞ በሯ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ድንኳን የጫነች መኪና ከፍታው ላይ ቆማ ያየች አንዲት ጎረቤት እጇን አፏ ላይ አድርጋ መጣች።

«ጋሽ ኩማ! ማን ሊሆን ነው?»

«ማንም አልሞተም» አላትና ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት።

ሁለተኛዋ መጣች፤ ለእሷም ነገራት። ለሦስተኛዋ ሲነግር የዘነበችን ስም ጠራ። ከቀብሯ ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ ስሟን ጮክ ብሎ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር፤ ነገሩን ሳይጨርስ ሴትየዋ እንዳትሄድበት ብሎ ክንዷን ያዘ።