አንደኛ ማርሽ እምቢ ያለ ዕለት

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ለወርክሾፕ የሚሆን ጓንት ስገዛ ፖሊሶች ያዙኝ። ስልኬን ተቀብለው አዩ፤ ውስጡ ያገኙት አንድ ጽሑፍ አላስደሰታቸውም። ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ።

ክፍሉ ቀድሞ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደነበር ያስታውቃል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የናፍጣ ሽታ ግድግዳውን አልለቀቀውም። ውስጡ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ብቻ ነበረች። ባሏን ፈልገው ሲያጡት እሷን ይዘው መጥተዋል። የተነጠፈላትን ካርቶን እኩል ከፍላ ቦታ ሰጠችኝ።

«አብሽሪ እህቴ፤ የሚከብደው የመጀመሪያው ቀን ነው» አለችኝ።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። አንገቴን ነቅንቄ ተቀመጥኩ። ስምንተኛ ወሯ እንደሆነ እሷው አወራችልኝ። ልጁ እንደ አባቱ አንድ ቦታ መቀመጥ አይወድም አለችና ሳቀች።

ሊመሽ ሲል ወሬዋን አቋረጠች። ቀሚሷ ርሷል። ደም ነበር። በሩን ደበደብኩ። ዘበኛው አይቷት ሮጠ። አምቡላንሱ ገጠር ሄዷል ተባለ፤ ደሴ ሆስፒታል ሊያደርሳት የሚችለው የጣቢያው ፒካፕ ብቻ ነበር። ለሁለት ደግፈው አወጧትና በሩን መልሰው ቆለፉት።

ሞተሩ ተነሳ። ወዲያው ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማሁ። ሾፌሩ ደጋግሞ ሞከረ፤ አንደኛም የኋላ ማርሽም አልገባ አሉ። ካምቢዮው ተበልቷል፣ መኪናዋ አትሄድም ሲል ይሰማኛል። ከመኪናው ውስጥ ደግሞ የእሷ ድምፅ፣ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላል።

ኮሌጅ የማስተምረው የመኪና ጥገና ነው። ብልሽቱ ምን እንደሚሆን ገምቻለሁ። ተናግሬ መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም ግን ሆን ብላ አበላሸችው እንደሚሉም አውቃለሁ። በበሩ ቀዳዳ ተናገርኩ፤ ማንም አልሰማኝም። ጮህኩ።

«ሞተሩን ያጥፉና ማርሹን ያስገቡ!»

ሾፌሩ መጣ። «አንቺ ደግሞ ምንድን ነሽ?»

«መኪና ነው የማስተምረው።»

«እኔ ፖለቲካ መስሎኝ» አለ።

ቢሆንም ሄዶ ሞከረው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። ካምቢዮው ደህና መሆኑን፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ሞተሩን ከማርሹ ያልለቀቀው ፍሪሲዮኑ እንደሆነ ነገርኩት። የፍሪሲዮኑን የዘይት ዕቃ ሲያየው ባዶ ነበር። የፍሬን ዘይት ይሆነዋል አልኩ። ግቢው ውስጥ የታሰረ ሚኒባስ ነበር፤ ከእሱ በሲሪንጅ ቀዱ። አንዱ ፖሊስ «እሱም እንደ እናንተው ታሳሪ ነው» አለ። ሾፌሩ ፔዳሉን ደጋግሞ እንዲረግጥ አደረግሁ። ሁለተኛ ገባ። አንደኛ አሁንም አጉረመረመ።

ሾፌሩ ወደ ቀዳዳው ተመለሰ። «ሐረጎ ዳገት ላይ ብትቆምብኝስ?»

«ሞተሩን ያጥፉ፤ አንደኛ ያስገቡና ከነማርሹ ያስነሱት። ይሄዳል።»

«ካልሄደ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

«እሺ» አልኩት።

ከግቢው ሲወጣ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ነበር። አንደኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ። ድምፁ ዳገቱን ይዞ ጠፋ። ሌሊቱን ማንም ወሬ አላመጣልኝም። እሷ የተኛችበት የካርቶኑ ግማሽ ረጥቧል፤ እኔ በእኔው ግማሽ ላይ ተቀምጬ አደርኩ። ጸሎት ጀምሬ መጨረስ ያቃተኝ ያን ሌሊት ነው።

አሁን ወደ ማስተማሩ ተመልሻለሁ። ይህ ብልሽት የትምህርቱ ክፍል ነው፤ ልዘለው አልችልም። እሱ ጋ ስደርስ ድምፄ ይቀንሳል። ሰልጣኞቼ ዓይነ አፋርነቴ ይመስላቸዋል።

ያ ሌሊት ነግቶ ጠዋት ለምርመራ ጠሩኝ። መርማሪው በእጁ ወንበር አሳየኝ። አልተቀመጥኩም።

«ትናንት የሄደችው ሴት እንዴት አደረች?» አልኩት።

እዚህ ጠያቂው እሱ እንደሆነ ነገረኝ። እንድቀመጥ ደግሞ አዘዘኝ። ጠረጴዛውን እንኳ አልተደገፍኩም። ቆሜ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ዓይኑን በሩ አጠገብ ወደቆመው ሾፌር መለሰ።

«እሷ ተርፋለች» አለ ሾፌሩ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ስለ ልጁ አልጠየቅሁም። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።