የአማቼ የብረት ገመድ

የእህቴን ባል መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ካቴና» ይለዋል። ሥራው ላፕቶፕና ታብሌት ማሰር ነው። አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር የብረት ገመዱን ይዞ ይመጣል፤ ገመዱን ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ያጠላልፍና ጫፉን ላፕቶፑ ጎን ላይ ካለችው ቀዳዳ ከትቶ ይቆልፋል። «ከጠረጴዛ እግር ጋር ያሰረ፣ አላሰረም» ይላል። «ሌባው ጠረጴዛውን ብድግ ያደርግና ገመዱን በሥር ያወጣዋል።» እውነቱን ነው፣ በሥራው አላማውም። ክፋቱ ሥራውን ቤት ይዞ መግባቱ ነው።

የበኩር ልጁ የሰው ስልክ ሰርቆ ታሰረ። አልዋሽም፣ ሰርቋል። ፍርዱን ጨርሶ ሊወጣ ሲል እህቴ ክፍሉን ቀለም አስቀባች፣ አልጋውን አነጠፈች፣ መቀመጫ አጣች። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ ቤቱ እንዲሰነብትና ወደነዚያ ስርቆት ያስለመዱት ጓደኞቹ እንዳይመለስ።

በሚወጣበት ቀን ጠዋት ብሄድ ምን ባይ ጥሩ ነው? ካቴና ሳሎን ውስጥ ተንበርክኮ የሴት ልጁን ላፕቶፕ ከመስኮቱ ብረት ጋር ያስራል።

«ዛሬን እንኳ ተወው፣ በናትህ» ትላለች እህቴ።

«ለሱ ብዬ መሰለሽ? ልማድ ነው።»

«ይሄ ላፕቶፕ እዚህ ሲቀመጥ ኖሮ፣ ልማድህ ዛሬ ትዝ አለህ?» አልኩት።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ብሎ ቆለፈው።

ልጁ መጣ። ከስቷል፤ የለበሰው ሸሚዝ የሌላ ሰው ይመስላል። እናቱን አቅፎ ሲያበቃ ዓይኑ ገመዱ ላይ አረፈና እስከ መስኮቱ ድረስ ተከተለው። እህቱ በእፍረት ወደ ጓዳ ገባች።

«አባዬ፣ አሁንም ጎበዝ ነህ» አለ ሳቅ ብሎ። «እዚያ እንኳን እንዲህ አያጠብቁም።»

ካቴና አብሮት ሳቀ! የቀለደ መስሎት እኮ ነው። ይሄ ልጅ ከትንሽነቱ ጀምሮ ሆድ ሲብሰው ነው የሚስቀው፤ አባቱ ይህን እንዴት አያውቅም?

ከሰዓት በኋላ የሥራ ማመልከቻ ልጻፍ ብሎ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ። አባትየው ወንበር ስቦ ከጎኑ ቁጭ አለ። ሊያግዘው እንዳይመስላችሁ፤ ዓይኑ ከልጁ እጅ ላይ አልተነቀለም። ልጁ ሁለት መስመር ጻፈ፣ አጠፋው፣ ደክሞኛል ብሎ ክፍሉ ገባ።

ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። የማግስቱን ጠዋት ነገር ያጫወተችኝ እህቴ ናት። ባሏ ገና ሲነጋጋ ተነሳ። የልጁ ክፍል ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዞር ብሎ ሳያይ አልፎት በቀጥታ ወደ ላፕቶፑ ሄደ። ገመዱን ዳሰሰ፣ ቁልፉን ነካ ነካ አደረገ።

«ተመስገን፣ አለ!» ብሎ ተጣራ።

እህቴ ባዶው አልጋ አጠገብ ቆማለች።

«ልጄስ?» አለችው።