ከሊፋና የምጽዋ ባሕር

ልብስ ሰፊው ከሊፋ የአሰላ ብርድ እንጀራው ነበር፤ ገበሬውም ጸሐፊውም ካፖርት የሚያሰፋው እሱ ዘንድ ነው። ታዲያ በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቆላ በሽታ። ለዘመድ ለቅሶ እንኳ አቦምሳ ድረስ መውረድ ጨንቆት የቀረ ሰው ነው።

በ1963 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ምጽዋ ጨርቅ የሚነግደው የአጎቱ ልጅ ኸይሩ፣ «ልጄን ስድር ካልመጣህ ዘመድ አይደለህም» ብሎ ላከበት። ከሊፋ ምን ያድርግ? ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ብሎ ተሰናበተ። ሚስቱ ዙቤዳ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቋጠረችለት። ጡረታ የወጡት ድሬሰር አቶ ፍሰሐ ደግሞ የወባ ኪኒን ሰጥተው ጣታቸውን ቀሰሩበት።

«በሳምንት አንድ ቀን ትውጣለህ። ውሃ ሳታፈላ እንዳትጠጣ። ያለ አጎበር እንዳትተኛ።»

«ሌላስ፣ ጋሼ?»

«ሌላማ አትፍራ። ፍርሃትም ይገድላል።»

የመጨረሻዋን አልሰማትም። ነፋስ ይመታኛል ብሎ የራሱን ጥቁር የሱፍ ካፖርት እስከ አንገቱ ቆልፎ ምጽዋ ገባ። በሠርጉም ቤት ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ የፈላ ውሃ እየጠጣ፣ ነጭ ሽንኩርት እያኘከ ተቀመጠ። አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። በሁለተኛው ቀን ከወንበሩ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

«ወባ ነው!» ተባለና ሐኪም ተጠራ። ሐኪሙ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አርከፍክፎበት ሳቀ። «ይህ ሰው በሽታ የለበትም። ካፖርት ነው ያለበት።»

ማታውን ኸይሩ ሽርጥ አስታጥቆ ወደ ባሕሩ ወሰደው። ከሊፋ በአንድ እግሩ ነካ አደረገው። ማንም እሳት ሳያነድበት የሞቀ ውሃ! በሁለቱም እግሩ ገባ፤ ከዚያም ወዲያ ነገር ተበላሸ። ምጽዋ ቀትር ላይ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል፣ «ቶሎ በል» የሚል የለም። አሰላ በቀትር የሚተኛ ሰው ቢገኝ ዘመዱ ጸበል ወይ ሼክ ቤት ይወስደው ነበር። ከሊፋ ተኛ። ዓሣ በላ። ለሦስት ቀን የሄደው ሰው አምስት ሳምንት ከረመ። ውሃውን ግን ማፍላቱን፣ በየዓርቡ ኪኒኑን መዋጡን አልተወም፤ ፍቅር ሌላ፣ ጥንቃቄ ሌላ።

ከአሰላ ቴሌግራም መጣ። «ሞተሃል ወይስ አግብተሃል?»

መልሱን በዚያው ቀን ላከ። «ሁለቱንም አላደረግሁም። ባሕር ይዞኝ ነው።»

ዙቤዳ ወረቀቱን ለአቶ ፍሰሐ አስነበበች። «ይዞኝ ነው ይበል እንጂ ይዛኝ ነው» አለች። «ይህች ባሕር የምትባለው የማን ልጅ ናት?» ሽማግሌው ለማስረዳት አፋቸውን ሳይከፍቱ እሷ ወጥታ አውቶቡስ ተሳፍራ ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ ምጽዋ ደረሰች። ባሏ ሽርጡን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ቦርጩን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

«የታለች?» አለች።

ከሊፋ በአገጩ ወደ ፊት ለፊቱ አሳያት። ዙቤዳ ያንን ሁሉ ሰማያዊ ውሃ ዳር እስከ ዳር አየችው። ስድቧን ከአሰላ ጀምራ ስታሰናዳ መጥታለች፤ ግን አንዱም ትዝ አላላትም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ፈታች።

«እግሬን ትንሽ ላሳርፍና እንሄዳለን» አለችው።

አሥራ አንድ ቀን አሳረፈችው።

አሰላ ሲመለሱ ሰኔ ገብቶ ጭላሎ በደመና ተሸፍኗል። ባልና ሚስት በስስ ልብስ ሲወርዱ ዝናብ ተቀበላቸው፤ ሁለት ሳምንት እየተቀባበሉ ሲያስሉ ከረሙ። አቶ ፍሰሐ ሲጠይቋቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከቆላ በጤና መጥቶ ቤቱ ሲደርስ የታመመ፣ እናንተን አየሁ።»

በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ፣ የምጽዋ ሙቀት በረድ ሲል፣ ሻንጣ ያወረደችው ዙቤዳ ናት። ከዚያ በኋላ እስከ 66ቱ አብዮት ድረስ ጥር በመጣ ቁጥር ሱቁ ተዘግቶ ይከርም ነበር፤ ደንበኞችም ማጉረምረም ሰልችቷቸው በጥር ሱሪው የተቀደደበት ሰው እስከ የካቲት በጋቢ ሸፍኖ መሄድ ለመደ።